ከእስቴ ማሳ እስከ ወፍጮ ቤት፦ የጤፍ "ግሉተን አልባ" ስም የሚጠበቀውና የሚጠፋው የት ነው?

በመካነ ኢየሱስ ከተማ የእህል ተራ የቆመ ሰው የአካባቢውን መልክዓ ምድር በጆንያ ተሞልቶ ያገኘዋል። ከጉና ተራራ ግርጌ የወረደው ገብስ፣ ስንዴና ትሪቲካሌ በአንድ ወገን፣ ከወይና ደጋው የመጣው ነጭና ቀይ ጤፍ ከዳጉሳው ጋር በሌላ ወገን፣ ከስማዳና ከታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች የተጫነው ማሽላ ደግሞ ከዚያ ጎን ይደረደራል። ገዥው ጤፉን በመዳፉ ይዘግናል፤ ንጣቱን ያያል፤ ገለባና አፈር እንዳለበት እፍ ብሎ ይፈትሻል፤ ከዚያም በዋጋው ይከራከራል።

በዚህ ሁሉ መካከል የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ። "ይህ ጤፍ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ተነካክቷል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ገዥ እምብዛም አይገኝም። በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች ግን ጤፍ ሲሸጥ ቀድሞ የሚታየው ይኸው ነው። 

ይህ ትንታኔ የሚመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጤፍ፣ ዳጉሳና ማሽላ ከስንዴ የተሻሉ ናቸው እየተባለ ብዙ ይነገራል። ከሚነገረው ውስጥ እውነቱ የቱ ነው? ለማንስ ይጠቅማል? እህሉን ለሚያመርተው የእስቴ፣ የስማዳና የጋይንት አርሶ አደር እንዲሁም ለሚገዛው የከተማ ነዋሪ ምን ይለውጣል?

ግሉተን ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በአውሮፓ ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ማንኛዋም ጋጋሪ እናት ስሙን ባትሰማው እንኳ ጠባዩን ታውቀዋለች። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚለጠጠው፣ ሲጎተት ሳይበጠስ የሚረዝመውና ድፎ ዳቦ ሲቦካ አየር ይዞ የሚነፋው በግሉተን ምክንያት ነው። የጤፍ ሊጥ ይህ ጠባይ የለውም። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው እርሾው በሚፈጥረው አየርና በምጣዱ ሙቀት እንጂ በግሉተን አይደለም።

በአካባቢያችን ከሚበሉት እህሎች ውስጥ ግሉተን የሌለባቸው ብዙ ናቸው። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ሁሉም ከግሉተን ነጻ ናቸው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር እንዲሁም የጉና ዙሪያ ደጋ የሚታወቅበት ድንችም ግሉተን የለባቸውም። ግሉተን ያለባቸው ደግሞ ስንዴ፣ ገብስና ትሪቲካሌ ናቸው።

ትሪቲካሌ የስንዴና የራይ ዲቃላ በመኾኑ በደቡብ ጎንደር ደጋ ወረዳዎች ለሚኖር ሰው ልዩ ትኩረት ይሻል። በተጎዳ መሬት ላይ ጥሩ ምርት ስለሚሰጥ አርሶ አደሩ ወዶታል፤ ዱቄቱም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይውላል። ለጤናማ ሰው ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ከግሉተን መራቅ ላለበት ሰው ግን ከጤፍ ጋር የተቀላቀለ ትሪቲካሌ እንደ ስንዴ የሚቆጠር ነው።

አጃ በተፈጥሮው የስንዴ ዓይነት ግሉተን የለበትም። ነገር ግን በማሳም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ ንጹሕነቱ ሳይረጋገጥ ለሕሙማን አይመከርም። ጠላም ሊዘነጋ አይገባም። ብቅሉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ከኾነ ግሉተን ስላለበት፣ እንጀራውን ከንጹሕ ጤፍ ያደረገ ሕመምተኛ በጠላው ሊጎዳ ይችላል። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቂንጬና የገብስ ገንፎም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ግሉተን የሚጎዳው ማንን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታትና ከዚያ በኋላ ቪለም ዲከ የተባሉ የኔዘርላንድ የሕጻናት ሐኪም አንድ ነገር አስተዋሉ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰውነታቸው መንምኖና ተቅማጥ አልለቅ ብሏቸው የሚመጡ ሕጻናት የስንዴ ዳቦ ሲቀርባቸው ይሻላቸው ነበር፤ ዳቦው ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ አብሮ ይመለስ ነበር። በዚህ ጥናት መሠረት ሴሊያክ የተባለው በሽታ ከስንዴ ጋር ያለው ግንኙነት ታወቀ።

ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ ግሉተንን እንደ ጠላት ቆጥሮ የትንሹን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በሽታው ያለበት ሰው የበላው ምግብ በአግባቡ አይመጠጥለትም፤ በዚህም ምክንያት ለደም ማነስ፣ ለክብደት መቀነስ፣ ለአጥንት መሳሳትና በሕጻናት ላይ ለዕድገት መቆም ይዳረጋል። በዓለም ደረጃ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ በሽታው እንዳለበት ይገመታል። እስካሁን ያለው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ከ100 ሰዎች ለ99ኙ የስንዴ ዳቦ ወይም የገብስ እንጀራ መርዝ አለመኾኑን ነው። ለትውልዶች በገብስና በስንዴ የኖረው የጉና ደገኛ ምግቡን የሚተውበት የጤና ምክንያት የለውም። "ግሉተን ሁሉንም ሰው ይጎዳል" የሚለው ከውጭ ገበያ የመጣ አባባል ሳይመረመር ወደ ገበታችን መግባት አይገባውም።

ለክልላችን ይህ ማስጠንቀቂያ ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት እንደሌላቸው አሳይቷል። የመቀንጨር ዋና ምክንያቶቹ የምግብ እጥረት፣ የምግብ ስብጥር ማነስ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና የንጹሕ ውኃ ችግር ናቸው። በጋይንትና በስማዳ በድርቅ ዘመን የእርዳታ ስንዴ ብዙ ሕይወት ታድጓል፤ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦችም ያውቁታል። ልጁ የቀጨጨበት ወላጅ "ስንዴው ነው" ብሎ ያለውን ምግብ ቢቀንስ ልጁን የባሰ ይጎዳዋል።

በሌላ በኩል ከ100 ሰዎች 1 ማለት ብዙ ሰው ነው። ተቅማጡ በመድኃኒት አልድን ያለ፣ የደም ማነሱ በተደጋጋሚ የሚመለስበት ወይም ክብደት መጨመር ያቃተው ሰው ጉዳዩን ለሐኪም ማንሳት አለበት። መመርመሪያው የደም ምርመራ ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱም ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ ባለመኾኑ ሕመምተኛው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ከምርመራው በፊት ስንዴና ገብስ ማቆም አይገባም። ግሉተኑ ከተቋረጠ ምርመራው ያለውን በሽታ የለም ብሎ ሊያሳይ ይችላል።

ለጤናማው ሰውስ?

ጤፍ ግሉተን ስለሌለበት ብቻ ለጤናማ ሰው የተለየ ጥቅም አይሰጥም። ጥቅሙ የሚመነጨው ሙሉ እህል ከመኾኑ ነው።

የስንዴ ፍሬ በፋብሪካ ሲፈጭ ገለፈቱና ንቁጡ ተለይቶ ይወጣና ነጩ ፉርኖ ዱቄት ይቀራል። ከገለፈቱ ጋር አሠሩ፣ ብረቱና ቫይታሚኑ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። የጤፍ ፍሬ ግን እጅግ ትንሽ በመኾኗ ገለፈቷን ለመለየት አይመችም። 1 የስንዴ ፍሬ 100 ያህል የጤፍ ፍሬዎችን ትመዝናለች። ስለዚህ ጤፍ የሚበላ ሰው ሁልጊዜ የሚበላው ሙሉ እህል ነው።

በቁጥር እንየው። በ100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ ውስጥ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 8 ግራም ያህል አሠር፣ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና ከ7 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ይገኛል። በተመሳሳይ መጠን ሙሉ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው ካልሲየም 34 ሚሊ ግራም ያህል ሲኾን ብረቱ ደግሞ ከ4 ሚሊ ግራም በታች ነው። ብዙ ጊዜ "የድሃ እህል" ተብሎ የሚናቀው ዳጉሳ በካልሲየም ሁለቱንም ያስከነዳል፤ በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ አለው።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ሁለት ማስተካከያ ይፈልጋሉ። አንደኛው የብረቱን መጠን ይመለከታል። ጤፍ በአፈር አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይቀላቀልበታል፤ በአንዳንድ ናሙና የሚለካው ከፍተኛ ብረት በከፊል የአፈር ብረት ነው። ሁለተኛው፣ በጤፍም ኾነ በሌሎች ሙሉ እህሎች ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። መፍትሔው ግን ከቤታችን አልራቀም። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሊጡን ለቀናት አቡክቶ የመጋገር ልማድ እንጀራውን ከማጣፈጥ አልፎ ብረቱን ለሰውነት የሚያቀርብ ዘዴ ነው። ለገበያ ተብሎ በጥቂት ሰዓት ተቦክቶ የሚጋገር እንጀራ ይህን ጥቅም ያጎድላል።

"ግሉተን አልባ" የሚለው ቃል በራሱ የጤና ማረጋገጫ እንዳልኾነ ከዚሁ ዞን ምሳሌ ማንሳት ይቻላል። በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ ለእንጀራ መዋሉ የተለመደ ነው። ድብልቁ ግሉተን የለበትም፤ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ገለፈቱ የተወሰደበት በመኾኑ አሠሩና ብረቱ ከጤፍ ያንሳል። በአንጻሩ አርሶ አደሩ የራሱን ስንዴ ከነገለፈቱ በሰፈር ወፍጮ አስፈጭቶ የሚጋግረው ዳቦ ግሉተን ቢኖርበትም ለጤናማ ሰው ከፉርኖ ዳቦ የተሻለ ነው። የስኳር ሕሙማንም ጤፍ ግሉተን የለበትም ብለው ያለ ልክ መመገብ አይገባቸውም፤ ጤፍም እንደ ሌላው እህል ስታርች ነው።

ስንዴ በፖሊሲ፣ ጤፍ በዓለም ገበያ

ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ስንዴ ከውጭ ስታስገባ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን የተቀሰቀሰው ጦርነት የዓለምን የስንዴ ዋጋ ሲያንር ጥገኝነቱ ምን ያህል አደገኛ እንደኾነ ታየ። መንግሥት ቀደም ብሎ የጀመረውን የበጋ መስኖ ስንዴ አስፋፍቶ በ2015 ዓ.ም ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን ይፋ አደረገ። በአማራ ክልልም የመስኖ ስንዴና የኩታ ገጠም እርሻ ዋና የግብርና ሥራ ኾነዋል።

አርሶ አደሩ ወደ ስንዴ ቢሳብ ምክንያት አለው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው የስንዴ አማካይ ምርት ወደ 30 ኩንታል ሲጠጋ የጤፍ 19 ኩንታል ያህል ነው። ጤፍ ደጋግሞ ማረስን፣ ብዙ አረምና ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሲደርስም ይተኛል። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው "ቁንጮ" የተባለው ዝርያ ምርቱን ከፍ ቢያደርገውም ልዩነቱ አልጠፋም።

ጤፍ ግን የራሱ ብልጫ አለው። ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይ ይበቅላል፤ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለዓመታት በጎተራ ይቆያል፤ ጭዱ ከብት ይቀልባል፤ ለቤት ምርግም ይኾናል። ከሁሉ በላይ ገንዘብ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ጤፉን ሸጦ ገብስ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ይበላል። አሁን አሁን ደግሞ ጤፍ ሸጦ ፉርኖ ዱቄትና ማካሮኒ ይዞ የሚመለስም አለ። ከገንዘብ አንጻር ስሌቱ ትክክል ሊኾን ይችላል። ከምግብ አንጻር ግን ቤተሰቡ ሙሉ እህል ሰጥቶ የተፈተገ እህል እየተቀበለ ነው።

በዓለም ገበያ የጤፍ ታሪክ ትምህርትም ቁጭትም አለው። በ1997 ዓ.ም አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ስለ ጤፍ ዘረ መል አጠቃቀምና ጥቅም መጋራት ተስማማ። በዚያው ዓመት ገደማ በኔዘርላንድ የሌይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ለሴሊያክ ሕሙማን ጎጂ የኾኑት የግሉተን ክፍሎች እንደሌሉባቸው አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኩባንያው በአውሮፓ የጤፍ ዱቄትን በሚመለከት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከሰረ። ስምምነቱ ለኢትዮጵያ ተስፋ የተደረገውን ጥቅም ሳያስገኝ ቀረ፤ መብቱ ግን ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ። በ2011 ዓ.ም የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ የነበረው መብት አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ሲል ውድቅ አደረገው። የእኛ እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ዱቄት ሌላው የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ ያስመዘገበው ከ10 ዓመት በላይ ነበር።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ በኢትዮጵያ ሠርተው የተመለሱት ዌይን ካርልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ጤፍን በአይዳሆ ግዛት ማምረት ከጀመሩ 40 ዓመት ገደማ ኾኗቸዋል። ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በማሰብ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ የተጋገረ እንጀራ ግን ሲላክ ቆይቷል። ክልከላው የከተማውን ሸማች ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። በዚያው ልክ ግን "ግሉተን አልባ" የሚለውን ገበያ ሌሎች አገሮች ቀድመው ይዘውታል።

አንድ እፍኝ ስንዴ

በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት አንድ ምግብ "ግሉተን አልባ" ለመባል በ1 ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ይህ ምን ማለት እንደኾነ በእህል ተራ ቋንቋ እናስላው። የስንዴ ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ ግሉተን ነው። ስለዚህ በ1 ኩንታል ጤፍ ውስጥ 20 ግራም ያህል ስንዴ ከተቀላቀለ ደረጃው ያልቃል። 20 ግራም ስንዴ አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። በሌላ አባባል አንድ እፍኝ ስንዴ 1 ኩንታል ጤፍን ከ"ግሉተን አልባ" መደብ ያስወጣዋል።

ይህ ስሌት ተስፋ የሚያስቆርጥ ሊመስል ይችላል። ጤፍ ግን ተፈጥሮ የሰጠው አንድ ዕድል አለው፤ እሱም ትንሽነቱ ነው። ስንዴና ገብስ በጤፍ ውስጥ ቢገቡ ጥሩ ወንፊት ይለያቸዋል፤ ጤፉ ይወርዳል፣ ስንዴው ከላይ ይቀራል። እህሉ ፍሬ እስከኾነ ድረስ ስህተቱ ይታረማል። ዱቄት ከኾነ በኋላ ግን ስንዴውን ከጤፉ የሚለይ ወንፊት የለም።

የጉዳዩ ቁልፍ ቦታ ስለዚህ ማሳው ሳይኾን ወፍጮ ቤቱ ነው። በየከተማችን ያለው ወፍጮ በተራ ይፈጫል። ከፊት የነበረችው ሴት ስንዴዋን አስፈጭታ ስትሄድ በድንጋዩና በማውረጃው የቀረው ዱቄት ከቀጣይዋ ጤፍ ጋር ይወርዳል። ማንም አላጭበረበረም፤ ማንም አልሰረቀም። ጤፉ ግን ስሙን ያጣው እዚያ ላይ ነው።

ከወፍጮው በኋላ ያለው ቤታችን ነው። ስንዴ የነፋንበት ወንፊት ጤፍ ይነፋበታል። ገብስ የተቀላቀለበት ሊጥ እርሾ ለሚቀጥለው ቡሃቃ ይተርፋል፤ እርሾ ደግሞ ያለፈውን ሊጥ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ምጣዱ ላይ የስንዴ ቂጣ ተጋግሮ ከኾነም እንዲሁ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ወንፊቱ፣ ቡሃቃውና እርሾው ለብቻ መኾን ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ቅልቅል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ዱቄት ሻጩም እንጀራ ሻጩም በርካሽ እህል ማብዛታቸው የታወቀ ነው። ቅልቅሉ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ ይቀላቅላል። ጥፋቱ ሳይናገሩ መሸጥ ነው። ገዥው ያልከፈለበትን ባይጠብቅም የከፈለበትን ማወቅ መብቱ ነው። ለሕመምተኛ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ለአርሶ አደሩ ሥራው የሚጀምረው በአውድማው ላይ ነው። ስንዴና ገብስ በተወቃበት አውድማ ጤፍ ከመውቃት በፊት ጠርጎና ለቅልቆ ማዘጋጀት፣ ከተቻለም ሸራ አንጥፎ መውቃት ሁለት ጥቅም አለው። ጤፉን ከሌላ እህል ይለየዋል፤ አፈርና ጠጠርንም ይቀንሳል። ስንዴ የነበረበትን ጆንያ ሳያራግፉ ለጤፍ አለመጠቀምና ዘሩን በወንፊት ለይቶ መዝራትም ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። ምርምሩ የሚያቀርበው በመስመር የመዝራት ዘዴ የዘር መጠንን ከመቀነሱ ባሻገር በጤፍ ማሳ የበቀለ ስንዴና ገብስን ለይቶ ለመንቀል ያመቻል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለዩኒየኖች ዕድሉ በወፍጮው ላይ ነው። ለጤፍ ብቻ የተለየ አንድ ወፍጮ፣ የተመዘገበ መነሻ ያለው እህል፣ ንጹሕ ማሸጊያና በየጊዜው የሚደረግ የላቦራቶሪ ፍተሻ ካሉ "የእስቴ ንጹሕ ጤፍ" የሚል ምርት ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ገበያ ማቅረብ አይከብድም። የውጭ ገበያው በሙሉ ቢከፈት መጀመሪያ የሚጠቀመው ይህን ቀድሞ ያዘጋጀ ነው። ያላዘጋጀው ግን ጤፉን በተራ እህል ዋጋ ሸጦ ሌላው ለይቶና አሽጎ ሲያተርፍበት ያያል።

የወፍጮ ባለቤቶችም ዛሬውኑ የሚያደርጉት ነገር አለ። ከሁለት ወፍጮ በላይ ያለው አንዱን ለጤፍ፣ ለዳጉሳና ለማሽላ ብቻ ቢለይ በቂ ነው። አንድ ብቻ ያለው ደግሞ ድንጋዩን ጠርጎ የማለዳውን ተራ ለጤፍ መስጠት ይችላል። ይህ ሕሙማን ለሚመገቡት ጤፍ የተሟላ ዋስትና አይኾንም፤ ንክኪውን ግን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የከተማ ነዋሪው በበኩሉ ሦስት ነገሮችን ቢያስብ ይበጀዋል። ጤፍን በንጣቱ ብቻ መመዘን ትክክል አይደለም፤ በዋጋ ርካሽ የኾነው ቀይ ጤፍ በምግብነቱ ከነጩ አያንስም። ማኛ መግዛት ያቃተው ቤተሰብ ጤፉን በፉርኖ ዱቄት ከሚያበዛው በዳጉሳና በማሽላ ቢያበዛው እንጀራው ሙሉ እህል ኾኖ ይቆያል፤ ካልሲየሙም ይጨምራል። እህሉ ብቻውን ደግሞ ምግብ አይኾንም፤ ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከጎመኑና ሲገኝ ከእንቁላሉ ጋር ነው ልጅ የሚያሳድገው።

መንግሥታዊ ተቋማትም ድርሻ አላቸው። የስንዴው ዘመቻ የራሱ ተቋም፣ ዘርና ገበያ አለው። ለዳጉሳና ለማሽላ ግን ያን ያህል ትኩረት አልተሰጠም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2023ን ዳጉሳን፣ ማሽላንና ጤፍን የመሳሰሉ እህሎች የሚታሰቡበት ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። ዓመቱ ቢያልፍም ሐሳቡ ለስማዳና ለታች ጋይንት አላለፈም። ዝናብ ቀድሞ በሚያቆምበት ቆላ ከስንዴ ይልቅ የሚታመነው ማሽላ ነውና። የግብርና ባለሙያው ለደገኛው ስንዴ ሲመክር ለቆለኛው ደግሞ ማሽላና ዳጉሳ ቢመክር የሚጣረስ ነገር የለውም።

ማጠቃለያ

ስንዴ ጠላታችን አይደለም። በረሃብ ዘመን ደርሶልናል፤ በበዓል ቀን ድፎ ኾኖ ይቆረሳል፤ ለብዙ አርሶ አደርም ገቢ ነው። ጤፍ፣ ዳጉሳና ማሽላም ተአምረኛ መድኃኒት አይደሉም። ከ100 ሰዎች ለአንዱ ግን የዕለት ጤናው የሚጠበቅባቸው እህሎች ናቸው፤ ለቀሪው ደግሞ ከተፈተገ ዱቄት የሚበልጡ ሙሉ ምግቦች ናቸው።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ዓለም በላቦራቶሪ ፈትሾ ዋጋ የሰጠውን እህል እኛ ከስንዴ ጋር በአንድ ድንጋይ እየፈጨን ስሙን እያጠፋን ነው። ፍሬው ወንፊት ሲያገኝ ይለያል፤ ዱቄቱ ግን አይለይም። በቀጣዩ የመኸር ወቅት የመካነ ኢየሱስ እህል ተራ በአዲስ ጤፍ ሲሞላ ከንጣቱና ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት መልካም ነው፦ "ከምን ጋር ተወቅቶ፣ ከምን ጋር ተፈጨ?"